አለቃችሁና ውሏችሁ፦ ከወሎ ሠራተኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራ የሚፈልግ ይጠይቃል። ገና የተቀጠረ ይጠይቃል። መልቀቂያ ጽፎ ኪሱ ውስጥ የያዘም ይጠይቃል። ጥያቄው ከየት ቢነሳ ዞሮ ዞሮ አለቃ ላይ ያርፋል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልድያ ያሉ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ደመወዙ ደህና ከሆነ አለቃው ማንም ቢሆን ምን ቸገረኝ?

የመጀመሪያው ወር ላይ ብዙም አይቸግርም። ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ደመወዝን በወር አንዴ ነው የምታገኙት፤ አለቃን ግን በየቀኑ። ፈቃድ የሚፈርመው እሱ ነው፣ ሺፍት የሚመድበው እሱ ነው፣ የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው እሱ ነው፣ ስማችሁን በክፉም በደጉም ወደ ላይ የሚያደርሰውም እሱ ነው። በር ላይ የተሰቀለው ስም ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ለእናንተ ድርጅቱ ማለት የቅርብ ኃላፊያችሁ ነው። ለዚህ ነው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ደመወዝ፣ አንዱ ክፍል ሰው ሳይለቅ የሚቆየው፤ አጠገቡ ያለው ክፍል ደግሞ ነጋ ጠባ የቅጥር ማስታወቂያ የሚለጥፈው።

ይህን ስል ደመወዝ ይናቅ ማለቴ አይደለም። አገራችን ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም። ኮምቦልቻ ላይ ቤት ተከራይታ፣ ለቤተሰብ ደግሞ ትንሽ የምትልክ ልጅ፣ ብሩ ካልበቃት የአለቃዋ ጥሩነት ብቻውን አያቆያትም። ሁለቱም ያስፈልጋታል።

ይሄ ነገር በጥናት የታወቀ ነው ወይስ የሠራተኛ ሮሮ?

በጥናት የታወቀ ነው። ጉግል በ2002 እ.ኤ.አ. የኢንጂነሮቹን አለቆች አንስቶ ያለ አለቃ ለመሥራት ሞክሮ ነበር። ጥቂት ወራት ነው የቆየው። ሰው ሁሉ ለወጪ ማጽደቂያውም ለጸቡም በቀጥታ ወደ መሥራቹ ላሪ ፔጅ መሄድ ጀመረ። በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. የራሳቸው አጥኚዎች አለቃ ለውጥ አያመጣም የሚለውን ሊያረጋግጡ ተነሱ፤ ያገኙት ግን ተቃራኒውን ነው። ከጥሩ አለቃ ባሕርያት አንደኛ ሆኖ የወጣው ሰውን እያሳዩና እያበረታቱ ማሠራት ሲሆን፣ የሙያ ዕውቀት ከስምንቱ መጨረሻ ላይ ነው የተቀመጠው። የሙያ ዕውቀት ይቅር አላሉም፤ ብቻውን ግን ሰው አያስተዳድርም።

ለእኛ ለጨርቃ ጨርቅ አገር ሰዎች የበለጠ የሚቀርበው የሕንዱ ነው። ሙምባይ አካባቢ ያሉ የጨርቅ ፋብሪካዎች ላይ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሙከራ አደረጉ። ለተወሰኑት ባለሙያ ልከው ተራ የሚመስሉ ነገሮችን አስጀመሩ፦ ወለሉን ማጽዳት፣ የተበላሸውን ጨርቅ ለምን እንደተበላሸ መጻፍ፣ ክሩን ቆጥሮ በቦታው ማስቀመጥ፣ በየቀኑ ትንሽ ስብሰባ ማድረግ። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው በ17 በመቶ ጨመረ። የተቀየረው አሠራሩ ነው፤ ሠራተኛው ያው ነው።

እኛ አገር ደግሞ ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርከን አምስት ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ያገኙ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመት ሳይሞላ ከአራቱ ሦስቱ ወጡ። ይህን ሁሉ አለቃ ላይ ብቻ መደፍደፍ ትክክል አይደለም። ክፍያው ዝቅተኛ ነበር፣ ሥራውም ከባድና ለጤና የሚያሰጋ ነበር። ግን «የእኛ ልጆች ሥራ አይወዱም» ብሎ ለሚዘጋው አለቃ ይህን ቁጥር አሳዩት። ሰው በዚህ ፍጥነት የሚወጣበት ቤት መጀመሪያ ራሱን ነው መጠየቅ ያለበት።

ጥሩ ኃላፊ ማለት ደግ ኃላፊ ማለት ነው?

አይደለም። ደግነቱ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ግን ደግ ሆኖ ሥራ የማያውቅ፣ ለሁሉም እሺ ብሎ ለማንም የማይፈጽም አለቃ ያደክማል። ሦስት ሰው አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆት ሦስቱንም «አብሽሩ» ይላቸዋል፤ ጠዋት አራተኛዋ የሦስቱን ሥራ ብቻዋን ትሠራለች።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት መስመር ላይ ያየሁት ነው። የአንዲት ልጅ ስፌት እየተበላሸ ይመለሳል። ክሩ ይዘላል። የመጀመሪያው ሱፐርቫይዘር መጣና ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ መስመሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ዓይንሽ የት ነው?» አላት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ ምን አደረገች መሰላችሁ? የተበላሸውን ከደህናው ሥር መክተት ጀመረች። ሺፍቱ ሲያልቅ የጥራት ተቆጣጣሪዋ እሽጉን ስትፈታ አንድ ቁልል ሙሉ ወጣ። በሌላ ቀን፣ ያው መስመር፣ ሌላ ሱፐርቫይዘር። ይህችኛዋ መጀመሪያ ያየችው ማሽኑን ነው። ጎንበስ ብላ መርፌውን በጥፍሯ ዳበስ አደረገችና «ዶልዱሟል እኮ፣ ለምን አልነገርሽኝም የኔ እህት?» ብላ በቀስታ ጠየቀቻት፤ ለመካኒኩ በእጇ ምልክት ሰጠች፣ መርፌው ተቀየረ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያች ልጅ ክር በዘለለ ቁጥር እጇን ታነሳለች።

ልዩነቱ ይሄ ነው። የሚፈራ ሰው ስህተቱን ይደብቃል፣ የተደበቀ ስህተት ደግሞ ይከማቻል። ሁለተኛዋ ሱፐርቫይዘር ጥብቅ ናት፤ ታርጌት ካልሞላ ትጠይቃለች፣ ስልክ እያወራ የሚሰፋ አትወድም። ግን ምን እንደምትፈልግ አስቀድማ ትናገራለች፣ ለሁሉም አንድ ናት፣ የምታርመውም ለብቻ ጠርታ ነው።

ሥራው ነው የከበደኝ ወይስ አለቃው? እንዴት ልለይ?

ሥራው ቢቀልና ይሄው ሰው አለቃችሁ ሆኖ ቢቀጥል ትቆያላችሁ? መልሱ አዎ ከሆነ የከበዳችሁ ሥራው ነው። ሌላው ምልክት እሁድ ማታ ነው። ድካምን ማሰብ ሌላ ነው፣ የአንድን ሰው ፊት አስቦ ሆድ መረበሽ ሌላ ነው። የሥራ ባልደረቦቻችሁንም እዩ። ሁሉም ደክሞት ግን እየተሳሳቀ ከሆነ ችግሩ የሥራ ብዛት ነው። አለቃ ሲገባ ወሬ የሚቋረጥበት፣ ሲወጣ ሁሉም የሚተነፍስበት ክፍል ከሆነ ግን መልሱን አግኝታችኋል።

ከደሴ እየተመላለስኩ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲሆን አረፍዳለሁ፣ ይቀጡኛል። ምን ላድርግ?

መንገዱን ለማያውቅ ልንገር። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ ይህንን ደግሞ ወሎ ውስጥ ያደገ ኃላፊ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ በክረምት መግቢያ፣ ሳታረፍዱ ገና፣ ብዙ ሆናችሁ አናግሩ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ሰበብ ይመስላል፣ በአንድ ሰርቪስ የሚመጡት ሁሉ ሲጠይቁ የአሠራር ጉዳይ ይሆናል። የሰርቪሱ መነሻ ሰዓት ይቀደም፣ ወይም ጉም ባለ ቀን የዘገየው ደቂቃ ማታ ይካካስ ብላችሁ መፍትሔውን ይዛችሁ ግቡ። ደህና ሥራ አስኪያጅ ያለበት ቤት ይህን ይሰማል። ሰርቪሱን ራሱ መድቦ፣ ሰርቪሱ ሲዘገይ ሠራተኛውን የሚቀጣ ቤት ግን በሌላውም ነገር እንዲሁ ነው።

ቅጣቱን በተመለከተ አንድ ነገር እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በዚያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከሲሶ መብለጥ አይችልም። ሆቴል ውስጥ ብርጭቆ ተሰበረ ተብሎ በቃል የሚቆረጥባችሁ ልጆችም ይህን አንብቡት።

ለቅሶ፣ ረመዳን፣ በዓል። አለቃ እዚህ ላይ ምን ይጠበቅበታል?

እንደ እኔ የአለቃ ማንነት በደንብ የሚታየው እዚህ ጋ ነው።

ሕጉ የሚለውን በአጭሩ። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለጋብቻም 3 ቀን አለ። ለየት ያለ ከባድ ነገር ሲገጥም ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን መውሰድ ይቻላል፣ በዓመት ሁለቴ። እናት ስትወልድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ አላት፤ አባትም 3 ቀን አለው።

ግን ወሎ ላይ ያሳደገችህ ጎረቤት ብትሞት ሕጉ ውስጥ የለችም። ሰው ደግሞ ቀብሯ ላይ ቀረ ተብሎ ዕድሜ ልኩን ይነሳበታል። እዚህ ላይ ኃላፊው ግማሽ ቀን ቢፈቅድና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ወይም «አላህ ይዘንላት» ብሎ ቢሸኝ ልጅቷ ይህን አትረሳውም። ፊቱን አዙሮ «ለጎረቤት ፈቃድ የለም» ቢልም እንደዚያው አትረሳውም።

ረመዳንም እንደዚሁ። ከሰዓት ሺፍት የሚገቡ ጾመኞች መግሪብ ማሽን ላይ ይደርስባቸዋል። አንድ ሱፐርቫይዘር የእረፍቱን ሰዓት ወደ ማፍጠሪያው ገፋ አደረገው፣ በቃ። ክርስቲያኖቹ አብረው ወጡ፣ ቴምሩ ለሁሉም ዞረ። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ የዋዜማውን ሌሊት ሺፍት ሙስሊሞቹ ራሳቸው «እኛ እንገባለን» አሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ወሎ ውስጥ ይህ መቻቻል ቤታችን ያለ ነው፤ ከአለቃ የሚጠበቀው ሥራ ቦታው እንዲያፈርሰው አለመፍቀድ ብቻ ነው። ድርጅቱ ምንም ብር አላወጣም።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሥልጠናም አበልም ሁልጊዜ ለአንድ ሁለት ሰው ነው። ይሄ የአስተዳደር ችግር ነው ወይስ ቅናት?

የአስተዳደር ችግር ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጪ ታሳድራለች ይባላል፤ አለቃውን የተማመነ ሠራተኛም አርፍዶ ይገባል፣ ፋይል ያሳድራል፣ ማንም አይናገረውም። ጉዳቱ ከአበሉ ብር በላይ ነው። ሌላው ሠራተኛ ጎብዞ መሥራትን ትቶ ቢሮ ቡና መጋበዝ ይጀምራል፣ ወሬ አመላላሽ ይበዛል፣ ደህናው ሰው ወደ ጓዳው ይገባል። ባለጉዳዩም ይጎዳል፣ ከመቅደላ ወይም ከወረኢሉ ተነስቶ መጥቶ «ነገ ና» የሚባለው በዚህ ነው።

መፍትሔው ተራ በግልጽ መለጠፍ ነው። ማን መቼ ሄደ፣ ቀጣዩ ማን ነው። ኃላፊው ይህን እምቢ ካለ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውን ያዙ። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በራሱ የሲቪል ሰርቪስ ሕግ እንጂ በአዋጅ 1156 አይደለም፤ ይህን አታምታቱ።

የዘመድ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። «እንደ ልጄ ነህ» ይሉኛል፣ ውል ግን የለኝም።

ደሴ ውስጥ ፒያሳም ሸዋ በርም እንዲህ ያሉ ልጆች ሞልተዋል። ጋሼ ወይም እትዬ ብለህ የምትጠራውን ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ይከብዳል፣ ይሉኝታ ይይዛል። ጠዋት ከፍተህ ማታ ትዘጋለህ፣ እሁድም ትጠራለህ። እሳቸውም ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ፤ ስትታመምም ያስታምሙሃል፣ ስታገባም ያለብሱሃል። ግን ልጅ መባል የሥራ ሰዓትን አያስቀርም።

ሕጉ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ባይሰጥም መብትህ አይጠፋም። አቀራረቡ ላይ ግን ብልህ ሁን። ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት አይደለም። የሚያከብሯቸውን አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ ይዘህ፣ ቡና ላይ፣ «እትዬ፣ ለወደፊቱ እንዳንቀያየም ሰዓቱንና ደመወዙን ወረቀት ላይ ብናሰፍረው» በል። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

አለቃዬ ይሳደባል። ኦቨርታይምም አልከፈለኝም። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

ኦቨርታይሙን በቁጥር ልንገራችሁ። ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። ከመደበኛው በላይ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ማሠራት አይቻልም። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ። ክርክር ሲመጣ ያች ደብተር ትጠቅማለች።

ስድቡ ላይ፦ አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ፆታዊ ትንኮሳም እንዲሁ። ይህ መብት ግን ከ15 የሥራ ቀን በኋላ ያልፋል፤ ከወጣችሁ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ ነው መውጣት ያለባችሁ። ተናዳችሁ በር ወርውራችሁ ከሄዳችሁ እናንተ ከሥራ እንደቀራችሁ ተደርጎ ይጻፋል። መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበር ካለ አማክሩ። ከሌለና 10 ሠራተኛ ካላችሁ ማቋቋም ትችላላችሁ። የከተማችሁን የሥራ ተቆጣጣሪም አነጋግሩ።

ትንኮሳ የደረሰባት እህት ብቻዋን አትሁን። ለምታምኛት ሰው ዛሬውኑ ንገሪ፣ ቀኑንና የተባለውን ጻፊ፣ የስልክ መልእክት ካለ አታጥፊ።

ካይዘን ጀምረናል ብለው ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ምንም አልተቀየረም።

ካይዘን ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን አሠራር ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ ሐሳቡም ደህና ነው። ግን ሥሩ ሠራተኛው የሚያየውን ችግር ይናገራል፣ ኃላፊው ሰምቶ ያስተካክላል የሚል ነው። ሐሳብ መስጫው ሳጥን ተከፍቶ የማያውቅ ከሆነ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው። ሞክሩት፤ አንድ ትንሽ፣ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ጽፋችሁ አስገቡ። በሁለት ሳምንት መልስ ካገኛችሁ ተስፋ አለው።

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ሥራ ቦታችን እንደበፊቱ አልሆነም። አለቃ ይህን ሊያስተካክል ይችላል?

ሁሉንም አይችልም። ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ሥራ ቦታ ተዘርፎ፣ ማሽኑ ተነቅሎ ነው ሰው የተመለሰው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ የደረሰው ጉዳት ሳያንስ፣ አገራችን አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ስትታገድ ወደ አሜሪካ ለሚልኩት ገበያው ጠበበ። ይህ ከአንድ ኃላፊ አቅም በላይ ነው።

በአቅሙ ያለው ሌላ ነው። ሠራተኛውን ሰብስቦ ያለውን ገንዘብ፣ የሌለውን ትእዛዝ፣ ደመወዝ እስከ መቼ ሊዘገይ እንደሚችል በግልጽ መንገር በአቅሙ ነው። ቤተሰቡን ያጣውን ሰው በስሙ ጠርቶ «እንዴት ነህ?» ማለት በአቅሙ ነው። እውነቱን የሰማ ሠራተኛ አብሮ ሲጠብቅ አይቻለሁ፣ ከወሬ የሰማው ደግሞ በማግስቱ ሌላ ሥራ ሲፈልግ።

ሳልቀጠር በፊት አለቃው ምን ዓይነት እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ሺፍት ሲወጣ በሩ ላይ ቁሙ። የሚወጡትን «እህት፣ ሥራው እንዴት ነው?» በሉ፤ የወሎ ሰው መንገር አይሳነውም። ስለ ድርጅቱ ሳይሆን እናንተ ስለምትገቡበት ክፍል ጠይቁ። «ከኔ በፊት እዚህ ቦታ ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ?» የምትለዋን ጥያቄ ቃለ መጠይቁ ላይ አንሱ። አድጎ ከሆነ ደስ ይላል። ጠያቂው ከተቆጣ ልብ በሉ። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ እናንተም እነሱን የምትሞክሩበት ጊዜ ነው።

ገና አሁን ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። ትናንት አብረን ሻይ የምንጠጣ ልጆች ናቸው። ከየት ልጀምር?

እንኳን ደስ ያለህ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው አስር ደቂቃ አናግር፤ «ሥራህን የሚያስቸግርህ ምንድነው?» በል፣ ጻፍ፣ ከተጻፈው ውስጥ አንዱን በዚያው ሳምንት አስተካክል። ውኃ መጠጫው ሊሆን ይችላል፣ የተሰበረ ወንበር ሊሆን ይችላል። ሺፍቱን ከሳምንት በፊት ለጥፍ። ልጅ ያላት እናት በዋዜማው «ነገ ሌሊት ግቢ» ስትባል የሚደርስባትን አስብ።

ጓደኞችህን ለብቻ ጠርተህ «አብረን ሻይ እንጠጣለን፣ ሰዓት ላይ ግን ለሁላችሁም አንድ ነኝ» በላቸው። አንዱ ይኮርፋል። ይለፈው። ከላይ የመጣ ወቀሳ ሲኖር የራስህን ድርሻ ውሰድ፣ ምስጋና ሲመጣ የሠራውን ሰው ስም ጥራ። ይሄን የሚያደርግ አለቃ ሲጠፋ አይቼ ነው እንዲህ አጥብቄ የምናገረው።

ልልቀቅ ወይስ ልታገስ?

አለቃው ሥራውን በደንብ የማያውቅ ወይም የሚቆጣ፣ ግን የሚሰማ ከሆነ ጥቂት ወራት ስጡት፤ አንድ ነገር በግልጽ ጠይቃችሁ ለውጥ መኖሩን እዩ። ሌላ ክፍል መዛወር የሚቻል ከሆነ እሱን አስቀድሙ። እንቅልፍ ካሳጣችሁ፣ ቤት ገብታችሁ ልጆች ላይ የምትጮኹ ከሆነ ግን ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሩ፤ ሳታገኙ አትውጡ፣ የሚያበላ ዘመድ ከሌላችሁ በቀር።

ስትወጡ በሥርዓት ውጡ። የሙከራ ጊዜ ያለፈ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። የቀራችሁን ደመወዝና ያልተጠቀማችሁበትን የዓመት ፈቃድ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ማግኘት አለባችሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ሥራ ላይ እያላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ከአለቃችሁ ጋር ሳትጣሉ በፊት አውጡት።